ኢተያ ይዤው የሄድኩት ጎመን

አማቴን የመረዝኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ከልቤ ያመንኩበት ጊዜ ነበር። ማንም አስገድዶ አላሳመነኝም። ገና ጣት ሳይቀሰርብኝ ራሴ ፈርጄ፣ ራሴ ተቀጥቼ ነበር። ምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ያኔ ካገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከባለቤቴ ከታሪኩ ጋር አሰላ ነው የምንኖረው። የምሠራበት ትንሽ ቢሮ ተዘግቶ ቤት ውያለሁ። እሱ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ እኔ ከአራት ግድግዳ ጋር አፍጥጬ እውላለሁ። አንድ ቀን ስልኬን ስነካካ አንዲት የውጭ አገር ሴት ጥቅል ጎመን ቀጫጭን አድርጋ ከትፋ፣ በጨው አሽታ፣ በገዛ ውሃው ጠርሙስ ውስጥ ስትጠቀጥቅ አየሁ። እሳት የለ፣ ዘይት የለ። ሳምንታት ቆይቶ ይኮመጥጣል፣ ለወራትም አይበላሽም ትላለች። በእኛ ገበያ ደግሞ ጥቅል ጎመን በጋሪ ነው የሚራገፈው፤ በየመንገዱ ዳር ተከምሮ ሲበሰብስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ልሞክረው አልኩ።

የመጀመሪያው ሻገተብኝ፤ ጎመኑ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ነበር። ሁለተኛውን ላዩን በቅጠል ሸፍኜ፣ ንጹሕ ፌስታል ውስጥ የጨው ውሃ ሞልቼ ጫንኩበት። በሦስተኛው ቀን አረፋ ማውጣት ጀመረ፤ ክዳኑን ላላ ሳደርገው እስስ ብሎ ይተነፍሳል። ሕይወት ያለው ነገር በእጄ የሠራሁ ያህል ደስ አለኝ። ቀስ በቀስ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ቀይ ሥር ሁሉ ማኮምጠጥ ያዝኩ። ጎረቤቶቼ በጾም ከሽሮ ጋር መውሰድ ለመዱ። አማቶቼ ባሉበት በኢተያ እንኳ አንዲት ደንበኛ አፈራሁ፤ ከቤታቸው ፊት ለፊት እህል የሚሸጡ ወይዘሮ ፋጡማ የሚባሉ ሴት ናቸው። አሰላ በመጡ ቁጥር ደውለውልኝ አንድ ጠርሙስ ሳይዙ አይመለሱም ነበር።

ያልተቀበሉኝ አማቴ ብቻ ነበሩ። እትዬ ደስታ ንጹሕና ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ያደረ ወጥ በቤታቸው ለሰው አይቀርብም። ጎመን ሳይበስል ሳምንታት ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጦ ይበላል መባሉን ሊሰሙት አልፈለጉም። አንድ ጊዜ ድፍረት አግኝቼ፣ እንጀራችንም እኮ ቦክቶ ነው የሚጋገረው ብላቸው፣ ቀና ብለው አዩኝና «ሊጥ እሳት ያየዋል፣ የኔ ልጅ። ያንቺን ምን ያየዋል?» አሉኝ።  ሌላ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ግን ቤታቸው በገባሁ ቁጥር እንደ እንግዳ ነበር የሚያስተናግዱኝ። ልጅ እንድሆንላቸው እፈልግ ነበር።

ስለዚህ ለእሳቸው ብቻ አንድ ጠርሙስ ለየሁ። ጨጓራ ስላለባቸው ነጭ ሽንኩርቱንም ቃሪያውንም ተውኩት። ጎመን፣ ካሮት፣ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ፤ በቃ። በሰኔ ጾም አንድ ቅዳሜ ከጠርሙሱ ግማሹን በሳህን ገልብጬ፣ ከታሪኩ ጋር ኢተያ ወረድን።

ከአማቴና ከባለቤታቸው ከጋሽ በላቸው ሌላ የታሪኩ እህት ሰናይትም እዚያው ነበረች፤ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ከእናቷ ጋር ነው የምትታረሰው። ሕፃኑ ገና ፊቱ እንኳ አልጠራም። ታሪኩ እንደ ደረሰ ከአባቱ ጋር ስንዴ ተሸክመው ያስገቡ ጀመር፤ የጓሮው መጋዘን ቆርቆሮው ያፈስ ስለነበር ጆንያዎቹን አማቴ ከሚተኙበት ክፍል ጋር ወደተያያዘችው ጓዳ አዛወሯቸው።

ምሳ ቀረበ። ታሪኩና ጋሽ በላቸው ኮምጣጣ ነገር አይወዱም፤ ሰናይት ለጡቷ ፈርታ ተወችው። እኔ ሳስተናግድ አንዲት ጉርሻ ነው የቀመስኩት። አማቴ ሳህኔን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያ በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ። ደገሙ። «አይከፋም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። በጠረጴዛው ሥር ታሪኩ እግሬን ነካ አደረገኝ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እንደ ሕፃን ስስቅ ነበር።

እሑድ ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። ታሪኩ እያዳመጠ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። አባቱ ነበሩ። እሳቸው ማኅሌት ሄደው እዚያው አድረው ሲመለሱ አማቴን አልጋቸው ላይ ሲያስመልሳቸው ነው ያገኟቸው። ራሳቸው እየዞረ መቆም አቅቷቸዋል፤ ደረቴን ጨመደደኝ ይላሉ። ወደ አሰላ ይዘዋቸው እየመጡ ነው።

«ምን በልተው ነው ይላሉ?» አልኩት።

ታሪኩ ጃኬቱን ፍለጋ ገባ።

ሆስፒታል ስንደርስ ተኝተው ግሉኮስ ተሰክቶላቸዋል። ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ወጣቱ ሐኪም ከትናንት ጀምሮ ምን እንደበሉ ጠየቀ። ጋሽ በላቸው በቁጣ አልነበረም የመለሱት፤ እንዲያውም ያፈሩ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምራታችን ያመጣችው የሰነበተ ጎመን አለ፤ ሌላ አዲስ ነገር የለም» አሉ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ዞር ብሎ እንዴት እንደተዘጋጀ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። ከምግብ ሊሆን እንደሚችል፣ ግን በእርግጠኝነት ለመናገር ገና እንደሆነ ገለጸልን። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ያን ጠርሙስ በሐሳቤ ደግሜ ደጋግሜ ሠራሁት። ጎመኑን አጥቤያለሁ? እጄንስ? ጨው አንሶ ይሆን? አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሳምንት በፊት በውሃው ላይ ነጭ ስስ ነገር ተንሳፎ ነበር። ሴትዮዋ ምንም አይልም፣ ገፍፋችሁ ጣሉት ያለች መስሎኝ በማንኪያ ገፍፌ ጥዬዋለሁ። ግን ብላ ነበር? ስልኬን አውጥቼ ያን ቪዲዮ ፈለግኩት። አጣሁት። የሌሎች ሰዎች ሌላ ሌላ ቪዲዮ ይመጣል፤ የእሷ የለም። እስከ ከሰዓት ድረስ ፈለግኩ።

ከሰዓት በኋላ ተሻላቸው። ቁጭ አሉ፣ ሻይ ጠጡ። ሐኪሙ ቢያድሩ ይወድ ነበር፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ አሉ። ታሪኩ እኛ ቤት ቅርብ ስለሆነ እዚያ ይደሩ ብሎ ጠየቃቸው። አማቴ እኔን አላዩኝም። «ተዉኝ ልጆቼ፤ ከአልጋዬ የሚሻለኝ የለም» አሉ። ልለምናቸው ይገባኝ ነበር። ግን በምን ዓይኔ? መኪናው ወደ ኢተያ ሲታጠፍ እያየሁ ቀረሁ።

ማታ እራት ሠራሁ። ታሪኩ ከሱቅ ዳቦና ለስላሳ ይዞ ገባ። ምግቡን አላነሳም፤ ርቦኝ ስለነበር መንገድ ላይ ጀምሬዋለሁ አለኝና ዳቦውን ግድግዳ ወደሚያይበት ዞሮ በላ።  ቢጮኽብኝ እንዴት በተሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ሲታጠብ ከመደርደሪያው ሥር የቀረውን ግማሽ ጠርሙስ አወጣሁ። ልደፋው አስቤ ነበር። ደግሞ ሐኪሞቹ ቢፈልጉትስ ብዬ ተውኩ። ከዚያ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ሹካ አንስቼ በባዶ ሆዴ መብላት ጀመርኩ። ጣዕሙ ጥሩ ነበር፤ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ። ታሪኩ ፎጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እናትህን ያመመ እኔንም ይመመኝ።»

ሹካውን ከእጄ ሊቀማኝ መጣና መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ ከፊቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሥራም አልሄደ። ሁለታችንም የእኔን መታመም ጠበቅን። ሆዴ በጮኸ ቁጥር «ጀመረኝ» እላለሁ። ላብ ሲያጠምቀኝ «ጀመረኝ» እላለሁ። ራሴን ነካ አደርገዋለሁ፤ ምንም የለም።

እንዲህ ተፋጠን እያለን ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ናት። ታሪኩም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ሰላምታ አልነበረውም።

«ደስ ይበልሽ። እማዬ ከትናንቱ ብሶባታል። ልጄም እያስመለሰው ነው፤ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ትናንት ላስታምማት ብዬ፣ አባዬን ሳሎን አስተኝቼ እሷ ክፍል ይዤው አደርኩ፤ ሕመሟን ልጄ ላይ አጋባሁበት። ምን አድርገንሽ ነው?»

የሰማሁትን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ሕፃኑ ከእናቱ ጡት ሌላ አይቀምስም። እናቱ ደግሞ ጎመኑን አልነካችም።

«ሰናይት፣ አንቺስ ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ራሴ ሊፈነዳ ነው። ክፍሉ በሙሉ ያንቺ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ሲያስመልሳት ነው መሰል፣ ከቤቱ አልወጣ አለ። በሩን መስኮቱን ዘግቼ በብርድ ልብስ ጠቅልያቸዋለሁ፤ ብርዱ ደግሞ…»

«እኔ እዚያ ጎመን ላይ ነጭ ሽንኩርት አልጨመርኩም።»

«እንግዲህ እኔ እየሸተተኝ ነው!»

ያደግኩት በአርቦዬ ገጠር ነው፤ አባቴ ገበሬ ነበር። ከቤታችን ራቅ ብሎ የእህል ጎተራ ነበረን፤ አባቴ የነቀዝ ክኒን ጆንያ መሐል ባደረገ ሰሞን እኛን ልጆቹን ወደዚያ ዝር አያስብለንም። ከወደ ጎተራው ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ከመጣባችሁ ሽሹ ይለን ነበር። ክኒኑ እየሟሟ ጋዝ ያወጣል፤ ነቀዙን የሚገድለው ጋዝ ሰውንም ይገድላል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ጊዜ ነው። ከአልጋው ጎን ያለችው ጓዳ፣ ቅዳሜ የገቡት ጆንያዎች ትዝ አሉኝ።

«ጋሼ ስንዴው ላይ የነቀዝ ክኒን አድርገዋል ወይ?» አልኳት። «ሰናይት፣ ስሚኝ፤ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ። አሁኑኑ። እማዬንም አውጪያቸው።»

 ድምፅዋ ቀዝቅዞ መጣ። «አሁን ደግሞ አባዬን ልታስጠይቂ ነው?» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

መልሼ ደወልኩ፤ አታነሳም። ታሪኩ ደወለ፤ አታነሳም። ጋሽ በላቸው ጋ ደወለ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ስንዴውን ሲሸከም የነበረው እሱ ራሱ ነው፤ ክኒን ግን አላየሁም ይለኛል። «ምናልባት እኛ ከሄድን በኋላ…» ብሎ ሳይጨርስ ጫማውን ፍለጋ ተሯሯጠ። ከአሰላ ኢተያ ሩቅ አይደለም፤ ያን ጊዜ ግን ሌላ አገር ነበር የመሰለኝ። እስክንደርስ የሚቆይ ነገር እንዳልሆነ አውቄያለሁ።

ያኔ ወይዘሮ ፋጡማ ትዝ አሉኝ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ።

«እትዬ ፋጡማ፣ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። እነጋሽ በላቸው ቤት ገብተው ሕፃኑንና እማዬን ደጅ ያውጡልኝ። ቤቱ ውስጥ መርዝ አለ።»

«ጎመኑ ነው እንዴ?» አሉ። ወሬው ለካ ኢተያን አዳርሷል።

«የነቀዝ ክኒን ነው። ጓዳ ውስጥ።»

እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። «ቶሌ፣ እሺ፣ ሄድኩ» ብለው ዘጉት።

መኪና ኮንትራት ይዘን ወጣን። ዝናቡ ያካፋል። ታሪኩ ከፊት ተቀምጦ ሹፌሩን ፍጠን ይለዋል፤ እኔ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ወይዘሮ ፋጡማ እስኪደውሉ እጠብቃለሁ። የተሳሳትኩስ እንደሆነ? ክኒን ባይኖርስ? አንዲት ጎረቤት ልኬ አራስ ከነልጇ ዝናብ ላይ አስወጥቻለሁ ማለት ነው። ያን ጊዜ ከዚያ ቤተሰብ ጋር ያለኝ ነገር ሁሉ ያከትማል። ብሳሳት ብዬ ፈራሁ፤ ልክ ብሆንም ፈራሁ።

እዚያ የሆነውን ኋላ ነው የሰማሁት። ሰናይት በሩን አልከፍትም ብላ ነበር። ወይዘሮ ፋጡማ ገፍተው ገቡና ምንም ሳይከራከሩ ሕፃኑን ከአልጋው አንስተው፣ በሻርፓቸው ጠቅልለው ወደ ውጪ ሄዱ። «ልጅሽን ከፈለግሽ ተከተይኝ» አሏት። ሰናይት እየጮኸች ተከተለቻቸው። ከሱቁ ሁለት ተሸካሚዎች ጠርተው አማቴን ከነፍራሻቸው አወጧቸው። አንደኛው ተሸካሚ ጓዳውን ገልጦ ሲመለስ አፍንጫውን ይዞ ነበር።

ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ስልኬ ጠራ። «ወጥተዋል» አሉ ወይዘሮ ፋጡማ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «መኪና አግኝተናል፣ ወደ እናንተ እየመጣን ነው። አሮጊቷ ትናገራለች።»

«ሕፃኑስ?»

«ሕፃኑ አያለቅስም» አሉኝ።

ሹፌራችን መኪናውን አዞረው። ሆስፒታሉ በር ላይ ቀድመናቸው ደርሰን ቆምን። ሰናይት ከመኪናው ስትወርድ በባዶ እግሯ ነበረች። አጠገቤ አልፋ ስትሮጥ ያየችኝ አይመስለኝም።

ያው ሐኪም ነበር ተረኛው። የነቀዝ ክኒን ስለው ሌላ ጥያቄ አላነሳም፤ ሁለቱንም ወደ ውስጥ አስገባቸው፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት እንደሌለ፣ ልባቸውንና ትንፋሻቸውን እየደገፉ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ትናንት ከቤት ወጥተው ንጹሕ አየር በማግኘታቸው ሳይሆን አይቀርም የተሻላቸው አለ። እኛም ተሻላቸው ብለን ወደዚያው መልሰን ሰደናቸው።

ጋሽ በላቸው የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ስልካቸውን ወፍጮ ቤት ጩኸት ውስጥ አልሰሙትም። ኮሪደሩ ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ቅዳሜ ማኅሌት ከመሄዳቸው በፊት፣ በየዓመቱ ጓሮ መጋዘን ውስጥ የሚያደርጉትን ነው ጓዳ ውስጥ ያደረጉት፤ ጆንያዎቹን በሸራ ሸፍኛለሁ ብለው ተማምነዋል። ለማንም መንገር አልታያቸውም፤ ለሳቸው ይህ ከዓመታዊ ሥራዎቻቸው አንዱ ነው። አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። 

«ትናንት እዚህ ቆሜ ያንቺን ጎመን ከሰስኩ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ።»

እውነቱ ሲወጣ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ምንም ደስ የሚል ነገር አልነበረውም። ከእኔ ላይ የወረደው ሸክም ሽማግሌው ጫንቃ ላይ ሲወጣ ዓይኔ እያየ ነው። ክብደቱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ጋሼ፣ አያውቁም ነበር» አልኳቸው። እጃቸውን ያዝኩት። 

አማቴ ቀን እየገፋ ሲሄድ እየነቁ መጡ። ሕፃኑ ግን ያን ቀን ሙሉ እንደዚያው ነበር። ሰናይት ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም። ውሃ ወሰድኩላት፣ ጠጣች። ጫማዬን አውልቄ አደረግኩላት፣ ተጫማች። ስለ ስልኩ ሁለታችንም አላነሳንም። በማግስቱ ጠዋት፣ ነርሷ ልትመረምረው ልብሱን ስትገልጥ፣ ቀጭን የተቆጣ ድምፅ ሰማን። ሕፃኑ አለቀሰ። ሰናይት ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣለችና አብራው አለቀሰች።

ድነዋል። ሕፃኑ ዛሬ ሮጦ የማይደክመው ልጅ ነው። ጋሽ በላቸው ስንዴ ቤት ውስጥ አያስገቡም፤ በኢተያ ገበያ ክኒን የሚገዛ ሰው ካዩ አስቁመው የት ነው የምታስቀምጠው ብለው ሳይጠይቁ አያልፉም። ታሪኩን አንድ ቀን፣ ዳቦ የበላህ ዕለት እኔ ነኝ ብለህ አምነህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበና «አላውቅም» አለኝ። አልዋሸኝም፤ እኔም ራሴ አላውቅም ነበርና ይቅር አልኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እህል ከምትተኙበት ቤት ጋር የምታስቀምጡ ካላችሁ አንድ ቀን ሳታሳድሩ አውጡት። እንዲህ ያለ ክኒን ካደረጋችሁም ለቤተሰቡ ሁሉ ንገሩ። ይህን ለማለት ብቻ ግን አልጻፍኩም። እስካሁን በድንገት እየመጣ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ነገር አለ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ አማቴ ጨዋ ሆነው ዝም አሉኝ። ጋሽ በላቸው አፍረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ባለቤቴ ላለማስከፋት ዳቦውን ዞሮ በላ። ሁሉም አዝነውልኝ ነበር፤ በዚያ ዝምታ መሐል ቤቱ በጋዝ እየተሞላ ነበር። ደውላ የሰደበችኝ ሰናይት ብቻ ናት። ያ ስድብ ነው ሽታውን ይዞልኝ የመጣው። እሷም እንደ ሌሎቹ ጨዋ ብትሆን ኖሮ፣ ሁለት ሰው እንቀብር ነበር፤ እኔም ዕድሜ ልኬን ጎመኔ ገደላቸው እያልኩ እኖር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጠረጠረኝን ሰው፣ እባክህ ፊት ለፊት ተናገረኝ እላለሁ። ቢያመኝም እሰማለሁ። ሰናይት ስትደውል ደግሞ፣ የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛብኝ፣ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳለሁ።